ትልቁ ሞተር ወይስ ትንሹ?

የአሮጌ መኪና ሞተር ሲያልቅ ባለቤቱ ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ወይ የነበረውን ዓይነት ሞተር አሳድሶ ይቀጥላል፤ ወይ ከሌላ መኪና የወጣ ተለቅ ያለ ሞተር ያስገጥማል። በጋራዥ ደጃፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ትልቁን አስገባበት፤ ዳገቱን ይበላዋል» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ምክር አይቀበለውም። ጉዳዩ በስሌት የሚፈታ ነው፤ ስሌቱም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም።

ጥያቄው የጥቂት መኪና ወዳዶች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች በጎዳናችን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆዩ መገመት አያዳግትም። ዕድሜያቸው በረዘመ ቁጥር ሞተር መቀየርም ይበዛል። ምርጫው ሲሳሳት ደግሞ የሚከፈለው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በሰው ሕይወትም ነው።

ክርክሩ በሌላው ዓለምም የቆየ ነው። አሜሪካኖች ቪ-8 ሞተሮቻቸውን እንደ ብረት አካላቸው ስፋት «ትልቅ ብሎክ» እና «ትንሽ ብሎክ» እያሉ ይከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የቼቭሮሌት ኩባንያ ኖቫ በተባለችው አነስተኛ መኪናው ላይ 6.5 ሊትር ይዘት ያለውን ትልቅ ብሎክ መግጠም ጀምሮ ነበር። መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ላይ ተወነጨፈች፤ ነገር ግን ከፊት የተጫነባት ክብደት መታጠፊያ ላይ አስቸገራት። የሚገርመው ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው አንድ ትንሽ ብሎክ 6.6 ሊትር ይዘት ነበረው። ስለዚህ «ትልቅ» የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ለዚህ ጥያቄ ከቮልስዋገን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቮልስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለአሥርት ዓመታት የታየች፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩባት መኪና ናት። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞተሮቿ አንዱ 1192 ሲሲ ሲሆን ወደ 25 ኪሎ ዋት ኃይል ይሰጣል። የኋለኛው ታላቅ ወንድሙ 1584 ሲሲ ሲሆን ወደ 37 ኪሎ ዋት ይደርሳል።

እነዚህ አኃዞች ግን የባሕር ጠረፍ አኃዞች ናቸው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን በጣና ዳር ግን 0.95 ገደማ ነው። ሞተር በአንድ ምት የሚስበው የአየር ይዘት አይለወጥም፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ የ25 ኪሎ ዋቱ ሞተር እዚህ 20 ኪሎ ዋት ብቻ ይሆናል። «ከፍታው ኃይሉን ስለሚቀማ ትልቁን እንግጠም» የሚሉ ወገኖች መነሻቸው እውነት ነው። ጥያቄው ምን ያህል ይበቃል የሚለው ነው።

እስቲ እናስላው። አራት ሰዎችና ጥቂት ሻንጣ የጫነች ቮልስ 1100 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ የአየር ተቃውሞን ለማሸነፍ 4.5፣ የጎማና የመንገድ ሰበቃን ለማሸነፍ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልጋታል። ድምሩ 8 ኪሎ ዋት ነው። ለዚህ ሥራ ግዙፍ ሞተር መግጠም አንድ ሰው ለማሻገር ታንኳ እያለ መርከብ እንደማስነሣት ነው። ከአቅሙ በታች የሚሠራ ትልቅ ሞተር በውስጡ ያለውን ሰበቃ ለማሸነፍና በጠበበው ጉሮሮው አየር ለመሳብ ብቻ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል።

ዳገቱስ? ከዓባይ በረሃ ድልድይ እስከ ደጀን 1400 ሜትር ያህል መውጣት አለ። የመንገዱን ዝንባሌ 7 በመቶ ብንወስድና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብንጓዝ የሚያስፈልገው ኃይል 11 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። አሮጌው 1192 ሲሲ ሞተር በሚገባ ከታደሰ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ እንኳ የማርሹ ብክነት ተቀንሶለት ከ17 ኪሎ ዋት በላይ ለጎማው ያደርሳል። ችኮላ ለማይወድ ሾፌር ይህ በቂ ነው። ተጨማሪ ለሚሻ ደግሞ 1584 ሲሲው አለ፤ እሱ በባሕር ዳር አየር 30 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚሰጥ ከፍታው የወሰደውን መልሶ ትርፍ ይጨምራል። ክብደቱም ሆነ አቀማመጡ ለመኪናዋ ባዕድ አይደለም።

ከዚያ በላይ ማለፍ ግን ዋጋ አለው። የቮልስ ሞተር ከኋላ እግር ጀርባ የተቀመጠ ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ሞተር 60 ኪሎ ግራም ብልጫ ቢኖረው የኋላውን ሲጫን የፊት ጎማዎችን ያቀላል፤ መሪውም መንገዱን አጥብቆ መያዝ ይሳነዋል። ፍጥነት ከ80 ወደ 110 ሲያድግ ደግሞ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው።

ቁልቁለቱን ማስታወስም ያስፈልጋል። ያቺው መኪና ከደጀን እስከ ድልድዩ ስትወርድ 15 ሚሊዮን ጁል ኢነርጂ ማስወገድ አለባት። ይህ ሁሉ 30 ኪሎ ግራም በሚመዝን የፍሬን ታምቡር ውስጥ ቢከማች ብረቱን ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለው ነበር። እርግጥ ነው፣ ነፋሱ ከሙቀቱ ይወስዳል፤ በከባድ ማርሽ ሲወረድም ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛል። በዚህ ረገድ ትልቅ ሞተር የተሻለ እንደሚይዝ መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ትንሹም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይይዛል፤ የሚጠይቀው የሾፌሩን ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስለሆነም የጸሐፊው አቋም ይህ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለፍሬን፣ ቀጥሎ የነበረውን ሞተር ለማደስ ወይም ከራሱ ቤተሰብ የሆነውን ለመግጠም ይዋል። ካርቡሬተሩም ለከፍታችን ይስተካከል፤ በባሕር ጠረፍ ልክ የተተወ ካርቡሬተር እዚህ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር 12 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይረጫልና።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካኒኮቻችን ልምድ የምንማረው ብዙ ነው። እኛም በበኩላችን ከጋራዡ ደጃፍ ስንቆም ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንቁም። «ትልቁ ይሻላል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ በትሕትና «በስንት ኪሎ ዋት? በየትኛው ዳገት? በየትኛው ፍሬን?» ብላችሁ ጠይቁት።