ምክርም እንደ ዘር ይፈተን
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

እንደሚታወቀው አንድ የሰብል ዝርያ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ ገበሬው እጅ እስኪደርስ ድረስ በልዩ ልዩ ቦታዎች ለዓመታት ይሞከራል። በጣቢያ ማሳ ጥሩ ምርት የሰጠ ሁሉ በገበሬው ማሳ አይሳካምና። ስለ ዝርያው የሚነገረው ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ፈተና አያልፍም። በቢሮ ይጻፋል፣ በኃላፊ ይታያል፣ ይታተማል፤ ዛሬ ደግሞ በሬዲዮ፣ በስልክና በቴሌግራም በአንድ ቀን ለብዙ ሺህ ሰው ይደርሳል። ስሕተትም ካለበት በዚያው ፍጥነት ይደርሳል። ስለሆነም ምክር ከመሠራጨቱ በፊት እንደ ዘር በትንሽ መደብ ተሞክሮ፣ በሰሚው አስተያየት ታርሞ መውጣት አለበት እንላለን።

ጉዳዩ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የበለጠ ይከብዳል። በጉና ተራራ ዙሪያ ገብስና ድንች የሚያመርተው ደገኛና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ የሚያርሰው ገበሬ በአንድ ዞን ቢኖሩም፣ ዝናባቸውም አፈራቸውም የሥራ ወራታቸውም አንድ አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉት የምግብ እጥረት ስለሚደጋገምባቸው ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ በትክክል ያልተሰማ ምክር የአንድ ዓመት ምርት ያሳጣል፤ ለማዳበሪያና ለዘር የተወሰደውን ብድር መክፈያ ያሳጣል፤ በመጨረሻም የልማት ሠራተኛውን ተሰሚነት ይወስዳል።

የሰሚውን መልስ ማዳመጥ ለምርምር እንግዳ ነገር አይደለም። ዱከም የተባለው የጤፍ ዝርያ ምርቱ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ፣ ነጭ ጤፍ በሚፈልገው ገበያ በቀለሙ ምክንያት የተጠበቀውን ያህል አልተወደደም። ተመራማሪዎች ይህን መልስ ተቀብለው ዱከምን ማኛ ከተባለው ነጭ ዝርያ ጋር አዳቀሉት። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀውና በሰፊው የተሠራጨው ቁንጮ የተገኘው ከዚህ ነው። ዘሩ በተጠቃሚው አስተያየት ከታረመ፣ ቃሉ የማይታረምበት ምክንያት የለም።

ቃል የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ ቀላል በሚመስል ቦታ ነው። “ድንችዎን ከምች ይከላከሉ” የሚለውን ምክር እንውሰድ። ለባለሙያው ምች በእርጥበትና በቅዝቃዜ የሚስፋፋ የድንች በሽታ ነው። በቤት ውስጥ ግን ምች ማለት በፀሐይ የሚመጣ፣ ዳማከሴ የሚታሽለት ሕመም ነው። ሰሚው ድንቹን ከፀሐይ እንዲጠብቅ የተነገረው ቢመስለው አይፈረድበትም። “ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም” የሚለውም እንዲሁ ነው። ገበሬው መሬቱን የሚያውቀው በጥማድ ወይም በቃዳ ነው፤ የጥማድ ስፋት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። “በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት” ከማለትም “ከሐምሌ ሥላሴ ማግስት ጀምሮ” ቢባል ይበልጥ ይያዛል። እነዚህን ችግሮች አስቀድሞ ሊያሳየን የሚችለው ሰሚው ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሰሚውን መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በአገራችን እንግዳን ማሳፈር ነውር ስለሆነ፣ “ገባችሁ?” ተብሎ የተጠየቀ ጉባኤ “እሺ፣ ገብቶናል” ይላል። ይህ እሺታ የአክብሮት እንጂ የመረዳት ምልክት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ አገልግሎትም፣ የትኛው ርእስ በብዛት እንደተደመጠ መቁጠር ይቻላል፤ የተደመጠው ግን ሁሉ የተረዱት ላይሆን ይችላል። ዲጂታል ግሪን ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ያስፋፋው የቪዲዮ ትምህርት በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ ያሳያል። የልማት ሠራተኛው ፊልሙን ለጥቂት ሰዎች እያቆመ ያሳያል፣ ጥያቄያቸውን ይመዘግባል፣ በኋላም ማሳ ድረስ ሄዶ የተሠራበትን ያያል።

በመሆኑም የሚከተለውን አሠራር እንመክራለን።

1ኛ/ ምክሩ ከመሠራጨቱ በፊት ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ ቀበሌዎች ለተውጣጡ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰዎች ይነበብ ወይም ይሰማ። ሞዴል ገበሬዎች ብቻ አይመረጡ፤ ሴቶች፣ ወጣቶችና በሬ የሌላቸው ይኑሩበት።

2ኛ/ “ገባችሁ?” አይባል። “ይህን ለጎረቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሩታል?” ተብሎ ይጠየቅ። ተዛብቶ የተመለሰው ክፍል መታረም ያለበት ነው።

3ኛ/ አንዱ ምክር በሁለት ዓይነት አነጋገር ተዘጋጅቶ በሁለት ቀበሌ ይሞከር፤ ይበልጥ የተያዘው ይመረጥ።

4ኛ/ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ግብዓት ለመውሰድ ሲመጡ የሚያነሡትን ጥያቄ በራሳቸው ቃል መዝግበው ለወረዳው ያስተላልፉ።

5ኛ/ የታረመው ምክር መጀመሪያ አስተያየት ለሰጡት ሰዎች ተመልሶ ይነገር። አስተያየቱ ሥራ ላይ እንደዋለ ያየ ሰው ሌላ ጊዜም እውነቱን ይናገራል።

“የመድኃኒት መጠን በጉባኤ ሊወሰን ነውን?” የሚሉ ይኖራሉ። አይደለም። መጠኑን የሚወስነው ምርምር ነው፤ አነጋገሩን፣ መለኪያውንና ጊዜውን ግን ሰሚው ያርመዋል። ምክሩ ራሱ ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ይህ መልስ ወደ ተመራማሪው መመለስ አለበት። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ጤፍን በመስመር መዝራት በአገር ደረጃ በሰፊው ሲነገር፣ ዘር መቆጠቡና ምርት መጨመሩ ጎልቶ ተሰማ። ነገር ግን እንዲያ ያለውን ደቃቅ ዘር በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በእጅ መስመር ማስያዝ ከብተና ይልቅ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። የሰው እጅ ያነሰው ቤተሰብ ምክሩን በማሳው ጥግ ብቻ ቢሞክረው፣ መልሱን በሥራ ሰጠ እንጂ ቸል አላለም።

“ጊዜ የለንም” የሚለውም ምክንያት አያስኬድም። ፈተናው ከመኸር ዘር በፊት፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በሁለት ቀን ሊፈጸም ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ለሺዎች የተበተነ የተሳሳተ ቃል ግን በአንድ ክረምት ተለቅሞ አያልቅም።