ያረጀች ሞተር ሳይክልና መብራቷ

ኢምባካሲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የናይሮቢን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1958 ተከፍቶ መጀመሪያ በሰፈሩ ስም ይጠራ ነበር፤ በ1978 የጆሞ ኬንያታን ስም ወስዷል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው በዚያው ሰፈር በመንገድ ዳር፥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ስለሚሠራው ሥራ ነው። ኬንያውያን እንዲህ ያለውን ባለሙያ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ነው።

ከነዚሁ ባለሙያዎች አንዱ ዘንድ፥ እዚያው የሚኖሩ አንድ ያገራችን ሰው በ1950ዎቹ የተሠራች ቢ.ኤስ.ኤ. ቢ31 ዶቅዶቄ ለጥገና ሰጥተው አየን። ልጃቸው በእርስዋ ወደ ሥራ መመላለስ ይፈልጋል። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፥ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ልጁም ከሥራ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቱ «መብራት ሳይኖራት በጨለማ አትነዳትም» ብለዋል። ቁልፍ እንዳይደብቁበት ደግሞ የዚች ዓይነት ሞተር ሳይክል የማስነሻ ቁልፍ የላትም፤ በእግር ተረግጣ ትነሣለች።

ሞተሯ ሲነሣ መብራቷ የማይበራው ስለ ምን ነው? ሞተሩን የሚያቀጣጥለው ማግኔቶ የተባለው መሣሪያ ነው፤ ይህም ባትሪ አይሻም። መብራቱን የሚመግበው ግን ሌላው መሣሪያ፥ ዲናሞው ነው። ስለዚህ የመብራቱ መስመር ፈጽሞ ቢበላሽም ሞተሩ አያውቀውም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አምፑሉን ይለውጣል፤ አምፑሉ እንቢ ሲል ዲናሞውን ይወቅሳል። እኛ ባየነው መጠን አብዛኛው ጥፋት በሽቦውና በመጋጠሚያው ላይ ነው። የጥንቱ ሽቦ በላስቲክና በጥጥ ክር የተሸፈነ ስለ ሆነ፥ በዘመን ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በሞተር ሳይክሏ በራሱ ብረት ነው፤ ይህን መካኒኮቻችን «ማሳ» ይሉታል። ብረቱ ከዛገ ወይም አዲስ ቀለም ከተቀባ መመለሻው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ያማረ ቀለም ተቀብታ ብርሃን ያጣች ዶቅዶቄ ስንት አለች!

ነገሩን በቍጥር እንየው። 30 ዋት አምፑል በ6 ቮልት 5 አምፔር ይወስዳል። በመጋጠሚያው ያለው ዝገት አንድ አምስተኛ ኦም ብቻ ቢሆን አንድ ቮልት ያህል ይበላል። ከስድስት አንዱ መጥፋቱ ጥቂት ይመስላል፤ የአምፑሉ ብርሃን ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ባለሙያው አሮጌውን ሽቦ ከመንቀሉ በፊት መስመሩን በወረቀት ሣለ። ከዚያ በኋላ በየቀለሙ አዲስና ወፈር ያለ ሽቦ ዘረጋ፤ ማሳው የሚያርፍበትንም ብረት እስኪያበራ ድረስ ፋቀው። ፊውዝም ጨመረበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ በዚያ ዘመን በተሠሩት በብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ከብረቱ ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። እንደ ዛሬ መኪና ልማድ ኔጋቲቩን ከብረቱ ጋር ያገናኘ ሰው ዲናሞውንና መቆጣጠሪያውን ሊጎዳ ይችላል። ኤል.ኢ.ዲ. አምፑል የሚገዛም ሰው ለዚሁ አሠራር የሚስማማውን መጠየቅ ይገባዋል። አንዳንዶች ሁሉን ወደ 12 ቮልት ይለውጣሉ፤ አንነቅፋቸውም፥ ነገር ግን 6 ቮልቱ በደንብ ከተጠገነ ለዚች ሞተር ሳይክል ፍጥነት የሚበቃ ይመስለናል።

በቤታችሁ እንዲህ ያለች ሞተር ሳይክል ያለቻችሁ እንደ ሆነ፥ ከፊተኛው መብራት ይልቅ የኋላውን አዘውትራችሁ ተመልከቱ። ነጂው የፊቱ መጥፋቱን ወዲያው ያያል፤ የኋላው መጥፋቱን የሚያየው ግን ከኋላ የሚመጣው ሰው ነው። ሽቦው ከጭቃ መከላከያው ሥር ስለሚያልፍ በጠጠርና በጭቃ ቶሎ ይላጣል። ፍሬቻም ስለሌላት፥ ከመታጠፉ በፊት ነጂው እጁን መዘርጋት አለበት።