ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሂድ?

ዛሬ የፍቅር ጥያቄ የለንም። “ቀለበቱን ልመልስላት ወይስ ልሽጠው?” ያልከው ወንድማችን፣ አንድ ሳምንት ታገሠኝ። እስከዚያ እንዳትሸጠው!

ዛሬ ያስቀደምኳት ደብዳቤ ካፌ ውስጥ በአስተናጋጅነት ከምትሠራ የ23 ዓመት ወጣት የመጣች ናት። ካነበብኳት ጀምሮ እንቅልፍ ነስታኛለች። እንዲህ ትላለች፦

“...ያሳደገችኝ የእናቴ አክስት ናት። ልጅ አልወለደችም። ተከራይታ የምትኖርበት ግቢ ሲፈርስ መሄጃ አጣች። እኔ ከሦስት ልጆች ጋር በደባልነት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የምኖረው፣ የት ላድርጋት? የሰፈር ሰው ተባብሮ አረጋውያን መጦሪያ አስገባት። መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ዳቦ፣ ለስላሳ... በኋላ ግን አልቻልኩም። ቲፕ ካልተገኘ የታክሲም የለኝ። ‘ደመወዝ ይውጣና እሄዳለሁ’ ስል ስል ይኸው አራት ወር ሞላኝ። አሁን ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሂድ?”

እህት ዓለም፣ ምክሩ ይቆየንና በመጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውጋሽ።

የአያቴ ወንድም መጨረሻ ላይ የኖሩት መጦሪያ ቤት ነበር። አባባ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተደፍተው የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም እንዳንቺው ስጀምር በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ ከዚያ ድምፄን አጠፋሁ። ጋዜጣ ላይ በመጻፍ የሚኖር ሰው ኪሱ ምን እንደሚመስል እዚህ አልዘረዝርም፤ አዘጋጁ ያነበዋል። በሦስተኛው ወር ከጓደኛዬ ብር ተበደርኩና ሁለት ኪሎ ብርቱካን፣ ብስኩት፣ ጁስ ምናምን ገዝቼ፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ እሑድ ቀን ከች አልኩ።

ግቢው ድግስ ነው። አንድ ቤተሰብ የልጁን ልደት ከአረጋውያኑ ጋር እያከበረ ነበር። ኬኩ፣ ለስላሳው፣ ካሜራው... አባባ ሁለት ቁራሽ ኬክ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ፌስታሌን ተቀበሉኝና ውስጡን እንኳ ሳያዩ አልጋቸው ሥር አስገቡት። ከዚያ እጄን ያዙና፣

“ታስረህ ነው?” አሉኝ።

“ኧረ አልታሰርኩም።”

“ታመህ ነው?”

“አይ፣ ደህና ነኝ አባባ።”

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ “እኔ እኮ ሞተህ ደብቀውኝ መስሎኝ ነበር” አሉኝ።

ወይ ጉድ! እናንተዬ፣ መርዶ ከሽማግሌ እንደሚደበቅ ታውቁ የለ? እኚህ ሰው ለሦስት ወር፣ ሊጠይቃቸው የመጣ ዘመድ ሁሉ ጥቁር ለብሶ እንደሆነ ሲያዩ ከርመዋል። እኔ ደግሞ በሁለት ታክሲ በምደረስበት ቤቴ ቁጭ ብዬ ለብርቱካን ብር እያጠራቀምኩ ነበር። “ብር አጥቼ ነው” ማለት አቃተኝ። ብርቱካኑን የዚያን ቀን ማታ የጎረቤት አልጋው ሽማግሌ እንደበሉት በኋላ ሰማሁ። ይብሉት!

ስለዚህ እህቴ፣ አክስትሽ ምን ይዘሽ እንደምትመጪ እየጠበቀች አይመስለኝም። በሕይወት መኖርሽን ነው የምትጠብቀው።

“የሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም” ተብለን ነው ያደግነው፣ አውቃለሁ። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ነው ልደቱንም፣ ሠርጉንም፣ ተዝካሩንም እንደ መቄዶንያ ባሉ ማዕከላት የሚያደርገው! ደግ አደረጉ፤ ማዕከላቱ የሚቆሙትም በእንዲህ ያለ እጅ ነው። አንቺ ግን ያንን ድግስ በግማሽ ኪሎ ሙዝ ልትወዳደሪው አትችዪም፣ አያስፈልግሽምም። ድግሱ የሚበዛው እሑድና በዓል ነው። ሰኞና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ግቢው ጭር ይላል፤ አረጋውያኑ በር በሩን ነው የሚያዩት። “ዕረፍቴ ማክሰኞ ነው” ብለሽ ጽፈሻል። ምን ትፈልጊያለሽ ታዲያ? የጠያቂ ሰዓታቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ አንዳንዱ ቤት በሥራ ቀን ሰዓት ይገድባል። ስትመለሺ ከ11 ሰዓት በፊት ውጪ፤ የታክሲ ሰልፉን ታውቂዋለሽ።

አሁን ባዶ እጅን እንዴት እንደምንሞላ ላጫውትሽ። እኔ የተማርኩት ከተቀደደ ሱሪ ነው። አንድ ቀን የለበስኩት ሱሪ ስፌቱ ተተርትሮ አባባ አዩት። “ና ወዲህ! መርፌ አምጣ!” ዓይናቸው ስለደከመ ክሩን ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ፤ የሰፉት ግን እሳቸው ናቸው። እየሰፉም እኔን፣ የዛሬን ጨርቅና የዛሬን ልብስ ሰፊ ሁሉ እየሰደቡ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም! ከዚያ ወዲህ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ፣ እግሩ የረዘመ ሱሪ... የጓደኞቼን ሁሉ ሳይቀር እየሰበሰብኩ እወስድ ጀመር። (ለስፌት የማወጣው ብር ታክሲዬን ቻለልኝ። እንዳታሙኝ።)

ለአክስትሽም ግማሽ ኪሎ ምስር ይዘሽ ሂጂ። እንድትበላው አይደለም፤ እንድትለቅምልሽ ነው! “እኔ መልቀም አልችልበትም፣ ጠጠር ጥርሴን ሊሰብረኝ ነው” በያት። ሰፌድ ከሌለ በትሪ ይሆናል። አብራችሁ እየለቀማችሁ አውሩ፤ ምስርሽን ይዘሽ ተመለሺ፤ ለእራት ቀቅይው። ወጪው ዜሮ! እንዝርት የምታውቅ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጥጥ ውሰጂላት። ሙዝ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ጥጥ ሳምንት ያሠራል።

ሌላም አለ። ጠበል የምትወድ ከሆነ ከድሮ ደብሯ በላስቲክ ቀድተሽ ብትወስጂላት ሱቅ ያለውን ጁስ ሁሉ ያስንቅልሻል። ፀጉሯን አበጥሪላት፣ ሹሩባ ሥሪላት። ጥፍሯን ለመቁረጥ ግን ነርሷን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ምግብም ቢሆን ሳትጠይቂ አትውሰጂ፤ ለስላሳና ማር ለስኳር ሕመምተኛ ፍቅር አይደለም። ጾመኛ ከሆነች ረቡዕና ዓርብ ወተት ይዘሽ ሄደሽ አታስቀይሚያት። ውጭ አገር ያለችው የአክስቷ ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ትላክና ጆሮዋ ላይ አድርጊላት። ከዚያ እንኳን ሌላ ስጦታ ሊታሰብሽ፣ “ድገሚልኝ” ስትልሽ የስልክሽ ባትሪ ያልቃል።

ሁለት ነገር ግን አደራ።

አንደኛው፣ ከአራት ወር በኋላ ልትረሳሽ ትችላለች። “እስቲ ማን ነኝ? እወቂኝ!” እያልሽ እንዳትፈትኛት። አባባ መጨረሻ ላይ በአባቴ ስም ነበር የሚጠሩኝ። መጀመሪያ እያረምኳቸው እሳቸውም እኔም እናዝን ነበር። በኋላ “አቤት” ማለት ጀመርኩ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ሁለተኛው፣ ስትወጪ “ነገ እመጣለሁ” እንዳትያት! ለአንቺ “ነገ” የአነጋገር ልማድ ነው፤ እሷ ግን ነገ ጠዋት ተጣጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጣለች። በምታውቀው ቀን ቅጠሪያት። “በሚካኤል እመጣለሁ” ካልሻት 12 ቀንን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሙስሊም ከሆነች ጁምዓን። በወር አንድ ቀን ብቻ የሚያስችልሽ ከሆነ አንድ ቀን በይ፤ ያልሻትን ቀን ግን አትለፊ።

“ግዴታዬን አልተወጣሁም” ብለሽ የጻፍሽው ነገር አሳዝኖኛል። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በዘመዳሞች መካከል ስላለ ቀለብ ሲናገር፣ የሰጪው አቅም እንደሚታይ ይገልጻል። ሕግ እንኳ ኪስሽን የሚያይልሽን፣ ያሳደገችሽ ሴት አታይልሽም?

ለአራቱ ወር ሰበብ አትፍጠሪ። “ታምሜ ነበር” ካልሻት ለሚቀጥሉት አራት ወራት ስለ አንቺ ሕመም ነው የምታስበው። “ብር አጥቼ አፍሬ ነው” በያት። ትቆጣሻለች። ምናልባትም ከትራሷ ሥር የተቋጠረች ብር አውጥታ “ለታክሲሽ” ትልሻለች። እምቢ እንዳትዪ፤ ተቀበያት።

ከጎኗ ያሉትንም እማማ ጉልበት ስመሽ ሰላም በያቸው፤ ጠያቂ ይኑራቸው አይኑራቸው አይታወቅም። ምስሩን ከሁለት ትሪ አድርጊው።

እንግዲህ የፊታችን ማክሰኞ ሂጂና እንዴት እንደነበር ጻፊልኝ። የወንድማችን ቀለበት በሚቀጥለው ሳምንት!