ማዘርቦርድ የሚለካው በመንገዱ ነው

እ.ኤ.አ. በ2010 መቀመጫውን ካሊፎርኒያ ያደረገው ኢቪጂኤ፣ ኤስአር-2 የተባለውን ማዘርቦርድ ለገበያ ሲያቀርብ ኮምፒውተር በእጃቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች ሁሉ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሁለት የኢንቴል ዚዮን ፕሮሰሰሮችን ይሸከማል። 12 የራም፣ 7 ደግሞ የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያ አለው። ዋጋው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ከሁሉ በላይ ያስደነቀው ግን ኦቨርክሎክ ማድረግን መፍቀዱ ነው። ባለሁለት ፕሮሰሰር ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የሰርቨር ዕቃ በመሆኑ ፋብሪካው ከወሰነው ፍጥነት በላይ አይነካም ነበር። ኤስአር-2 ያንን አጥር አፈረሰ፤ ለዚህም ክብር ይገባዋል።

ይህን ቦርድ ዛሬ የማነሳው ያስነሳው ጥያቄ ስላልሞተ ነው። አሁንም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የተጠመዱ ወጣቶች በአንድ ማሽን ላይ ሦስት አራት ካርድ ይደረድራሉ። አሁንም ሻጮች የማስገቢያውን ቁጥር በትልቁ ይጽፋሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የክፍሎቹን ብዛት ከመቁጠራችን በፊት በመካከላቸው ያለውን መንገድ እንይ።

ከሰባቱ ማስገቢያዎች እንጀምር። ሁሉም ረጃጅም ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ሙሉ 16 የመረጃ መስመር ያላቸው ይመስላሉ፤ ቢደመሩ 112 መሆናቸው ነው። ፕሮሰሰሮቹን ከካርዶቹ ጋር የሚያገናኘው ኢንቴል 5520 ቺፕ ግን ያለው 36 መስመር ብቻ ነው። ከእነዚህ 32ቱ ኤንኤፍ200 ወደሚባሉ ሁለት የኤንቪዲያ ቺፖች ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ቺፕ የተቀበለውን 16 መስመር 32 አድርጎ ለካርዶቹ ያከፋፍላል። በዚህ ማከፋፈል ወደ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው መንገድ አይሰፋም። ካርዶቹ በአንድ ጊዜ መረጃ ሲጠይቁ የሚጋፉት በዚያው 32 መስመር ላይ ነው፤ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 ስሌት በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 16 ጊጋባይት ማለት ነው። ኤንኤፍ200ን አልኮንነውም፤ በጨዋታ ጊዜ አንዱን መረጃ ለብዙ ካርዶች በአንዴ ማድረስ ስለሚችል ይጠቅማል። ገዢው ግን ሰባቱን ማስገቢያ ሲቆጥር ከበስተጀርባቸው ያለውን ጥበት ማወቅ ነበረበት።

ወደ ፕሮሰሰሮቹ ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ይገዛናል፦ ከሥራው ሊከፋፈል የማይችለው ክፍል የፍጥነቱን ጣሪያ ይወስናል። ምጣዱ አንድ ከሆነ አሥር ጋጋሪ ቢሰለፍም እንጀራው የሚወጣው አንድ በአንድ ነው። በቁጥር እንየው። ከአንድ ፕሮግራም ሥራ 80 በመቶው በፕሮሰሰር ውስጥ ላሉ ብዙ የስሌት ክፍሎች፣ ማለትም ለኮሮች ይከፋፈላል፣ 20 በመቶው አይከፋፈልም እንበል። ስድስት ኮር ሥራውን በ3 እጥፍ ያፋጥነዋል። ኮሮቹን 12 ስናደርጋቸው ፍጥነቱ 3.75 እጥፍ ይሆናል። በእጥፍ ጨምረን ያገኘነው 25 በመቶ ብቻ ነው።

ለዚያ 25 በመቶ የሚከፈለው ደግሞ ቀላል አይደለም። በጊዜው ባለስድስት ኮሩ ዚዮን ኤክስ5680 ዋጋው 1,663 ዶላር ነበር፤ ሁለቱ ከ3,300 ዶላር በላይ ያወጣሉ። በኮር ብዛትም በ3.33 ጊጋኸርዝ ፍጥነትም የሚመሳሰለው ኮር አይ7-980ኤክስ ግን 999 ዶላር ነበር፤ የሚሠራውም በባለአንድ ፕሮሰሰር ቦርድ ነው። በዚያ ላይ በኤስአር-2 የራሙ ግማሽ ከአንዱ ፕሮሰሰር፣ ግማሹ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ፕሮሰሰር በሌላው በኩል የተቀመጠ መረጃ ሲፈልግ ድልድይ ተሻግሮ ማምጣት አለበት፤ ይህን ያላገናዘበ ፕሮግራም ጊዜውን በመመላለስ ይጨርሳል።

የካርዶቹ ድምርም እንዲሁ ያታልላል። በዚያው ዓመት የወጣው ጂቲኤክስ 480 የራሱ 1.5 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው። አራት ካርድ ኤስኤልአይ በሚባለው የኤንቪዲያ ማጣመሪያ ቢያያዝ ለጨዋታ 6 ጊጋባይት አይገኝም፤ ካርዶቹ ምስሎቹን በየተራ ስለሚሠሩ ያንኑ መረጃ እያንዳንዳቸው መያዝ አለባቸው። ካርዱ የሁለት ማስገቢያ ቦታ ስለሚሸፍን ከሰባቱ የሚሠራባቸው አራቱ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ካርድ እስከ 250 ዋት፣ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 130 ዋት ይፈልጋል፤ ድምሩ ሌላው ሳይቆጠር 1,260 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚያባክነው ሲታከልበትና ኦቨርክሎክ ሲጀመር፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ተራ ባለ15 አምፔር የቤት መስመር ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚገባውን 1,440 ዋት ያልፋል። ያ ሁሉ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ክፍሉን ይሞላዋል። ቦርዱም 38.1 በ34.5 ሳንቲሜትር ስለሆነ በተለመደው ኬዝ አይገባም።

ታዲያ ለማንም አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። የሥሪዲ ምስል ሬንደር የሚያደርግ ባለሙያ ሥራው በቁርጥራጭ የሚከፋፈል ስለሆነ 12ቱንም ኮር በደንብ ያሠራቸዋል። የፕሮቲን አጣጣፍን ለሚያጠናው ፎልዲንግ አት ሆም ኮምፒውተራቸውን በፈቃዳቸው ያዋሉ ሰዎችም ተጠቅመውበታል። ስሌቱ ካርዱ ላይ ተጭኖ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ጠባቡ መንገድ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ሰዎች ቦርዱን የገዙት ሥራቸውን አውቀው ነው። ለጨዋታ ብሎ የገዛው ግን በአንድ ጥሩ ፕሮሰሰርና በሁለት ካርድ የበለጠ ይደሰት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከክፍሎቹ ብዛት መንገዱ እንደሚበልጥ ጊዜውም አረጋግጧል። ኢቪጂኤ በ2012 ያወጣው ተከታዩ ኤስአር-ኤክስ ለኦቨርክሎክ የነበረው ቦታ እጅግ ጠባብ ነበር፤ አዲሶቹ ዚዮኖች መነሻ ፍጥነታቸውን ብዙ ማስነካት አይፈቅዱም ነበርና። በ2017 የመጣው የኤኤምዲ ኤፒክ በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ 128 መስመር ሰጠ። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ደግሞ ካርድን ከካርድ የሚያያይዘው ማገናኛ ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ካርድ የሚደረድር ሰው በካርዶቹ መካከል የሚመላለሰው መረጃ ሁሉ በማዘርቦርዱ በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት።

ከአምራቾች የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ስንት መስመር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የት ላይ እንደሚጋራ የሚያሳየውን ሥዕል በሳጥኑ ጀርባ ያትሙልን። ገዢም ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሥራዬ ምን ያህል ይከፋፈላል? መረጃው የሚያልፍበት ጠባቡ በር የት ነው? የቤቴ የኤሌክትሪክ መስመርስ ይሸከመዋል? ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ የማስገቢያ ቁጥር አይቶ ገንዘቡን አያውጣ።