ዝም የተባለ ስሕተት

ከመቱ፣ ከጎሬና ከበደሌ መዝገቦች መረጃ ለሚሰበስብ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ኤክሴል የቅርብ መሣሪያ ነው። ሥራው ሲበዛ ማክሮ ይጻፋል፤ ማክሮውም መካከል ላይ ቆሞ የስሕተት ቁጥር 13ን፣ «ታይፕ ሚስማች»ን፣ ያሳያል። በዚህ ጊዜ በቀላሉ የሚወሰደው መፍትሔ «ኦን ኤረር ሪዚዩም ኔክስት» የሚለውን ትእዛዝ ከኮዱ አናት ላይ መጨመር ነው። መልእክቱ ይጠፋል፤ ስሕተቱ ግን ወደ ውጤት ምዕራፍ ይሻገራል።

ነገሩን በኢሉባቦር ቡና ማየት ይቻላል። የእሸት ቡና ርክክብ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተይዟል እንበል። ጥቅምት 29 ቀን 2011 «29/02/2011» ተብሎ ይገባል። የቪቢኤው «ሲዴት» ይህን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሚያነበው፣ የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ቀን ብቻ ስላለው፣ ስሕተት ያወጣል። ስሕተቱ እንዲታለፍ ከታዘዘ፣ ቀኑን የሚይዘው ተለዋዋጭ የቀደመውን ረድፍ ዋጋ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ የ29 እና የ30 ርክክብ በ28 ላይ ይደመራል፤ በለቀማው ወቅት ያልነበረ ከፍታ በግራፉ ላይ ይታያል። አጥኚው ይህንን ከፍታ በዝናብ ወይም በገበያ ዋጋ ሊተነትነው መነሣቱ ነው የሚያሳዝነው።

ጳጉሜን ከዚህም የከፋች ናት። በ«05/13/2011» ውስጥ 13 ወር ሊሆን ስለማይችል ቀንና ወሩ ቦታ ተለዋውጠው ይነበባሉ፤ የጳጉሜን 5 የጤና ጣቢያ ታካሚ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ በ5ኛው ወር፣ በጥር፣ ይቆጠራል። ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መያዝ ሁለቱንም ችግሮች ያስቀራል።

በግልጽ የሚታይ ስሕተት ርካሽ ነው። የሦስቱ ከተሞች የ30 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ ከ32,850 ረድፍ ይበልጣል፤ «ኢንቲጀር» ተብሎ የታወጀ ቆጣሪ ደግሞ ከ32,767 አያልፍም። ማክሮው በቁጥር 6፣ በ«ኦቨርፍሎው»፣ ይቆማል። «ዲባግ» ሲጫን ያቆመው መስመር በቢጫ ይለያል፤ ቆጣሪውን «ሎንግ» ብሎ ማወጅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ትእዛዙ ፈጽሞ አይነካ ማለት አይደለም። ለአንድ አጠራጣሪ መስመር ተጠቅሞ፣ የስሕተቱን ቁጥር ፈትሾ፣ ወዲያው በ«ኦን ኤረር ጎቱ ዜሮ» መዝጋት ተገቢ ነው። የሚያሳስበው ይህን የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቁ በአባሪነት ይቀርባል፣ ማክሮው ግን ብዙውን ጊዜ ከተማሪው ኮምፒውተር አይወጣም። የትምህርት ክፍሎች ኮዱም አባሪ እንዲሆን ቢያዝዙ፣ ፈታኙ አስቀድሞ ሊፈልገው የሚገባው ያንን አንድ መስመር ነው።