«ማፊሽ ፋይዳ» የተባለው ሥዕል

በገዳሪፍ ገበያ ዓረብኛና አማርኛ ሲገናኙ አስተርጓሚ የማያሻው አንድ ቃል አለ፤ «ፋይዳ»። በሁለቱም ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው። «ማፊሽ ፋይዳ» ከተባለ ደግሞ ነገሩ አበቃለት ማለት ነው። የስደተኛ ልጅ እርሳስ ይዞ ሥዕል ሲሞነጫጭር የሚሰጠውም ፍርድ ይኸው ነው፤ ሥዕል እንጀራ አይሆንም።

ፍርዱን የሚያፈርስ ምስክር ግን ከጎረቤት አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 በካይሮ የታየው ጥቁርና ነጭ አጭር የካርቱን ፊልም ርእሱ ራሱ «ማፊሽ ፋይዳ» ነው። ባለታሪኩ ሚሽሚሽ እፈንዲ ታርቡሽ የደፋ የከተማ ጎልማሳ ሲሆን፣ በዓረብኛ ከተናገሩ የመጀመሪያዎቹ የካርቱን ገጸ ባሕርያት አንዱ ነው። ሠሪዎቹ ወንድማማቾቹ ፍሬንክሎች ግን የአገሩ ተወላጆች አልነበሩም። አይሁዳውያን ወላጆቻቸው ከቤላሩስ ወደ ያፋ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከያፋ ወደ ግብፅ የተሰደዱ ነበሩ። ልጆቹ የአሜሪካኖቹን ፊሊክስንና ሚኪ ማውስን እያዩ ሙያውን በራሳቸው ጥረት ተማሩ። ድጋፍ ሲጠይቁ «ማፊሽ ፋይዳ» ተብለው እንደ ነበር ይነገራል፤ እነርሱም የተሰደቡበትን ቃል የፊልማቸው ርእስ አደረጉት።

የራበው ሆድ ሥዕል አይበላም፤ ይህ እውነት ነው። በ1980ዎቹም ሆነ በኅዳር 2020 ድንበር ተሻግሮ ኡም ራኩባ ለደረሰ ኢትዮጵያዊ እህልና ውኃ መቅደማቸው ክርክር አያሻውም። ስሕተቱ እህሉ ከመጣ በኋላም እርሳሱን መንፈግ ነው።

ሥዕል ሥራ ፈትነት ነው የሚሉስ ምን ይሉ ይሆን? ፊልም በአንድ ሰከንድ 24፣ በአንድ ደቂቃ 1,440 ምስሎች ይፈጃል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ቢጠቀሙበት እንኳ 720 ሥዕል መሣል ግድ ነው። ይህን የፈጸመ ልጅ ስሌትን፣ ትዕግሥትንና ታሪክ መተረክን በአንድ ጊዜ ተምሯል። ያን ጊዜ ውድ ካሜራ ያሻ ነበር፤ ዛሬ አንድ የእጅ ስልክ ይበቃል።

የስደተኛውን ታሪክ ሌሎች በካሜራቸው ሲቀርጹት ኖረዋል። ልጁ ራሱ በገዛ ቋንቋው እንዲሥለው የመጠለያው ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ወላጅም ጥቂት ወረቀት ይስጡት። ገና ያልተሣለ ሥዕል ፋይዳ የለውም ብሎ መፍረድ ግን የማንም ሥልጣን አይደለም።