ገዳዩን ከመያዝ ባሻገር፦ የታዋቂ ሰው ሞትና የፖሊስ ምርመራ ኃላፊነት

የሴራ ትርክት ማለት አንድን ክስተት በይፋ ከተነገረው ምክንያት ይልቅ በስውር የተመካከሩ ኃያላን ሥራ አድርጎ የሚያስረዳ ማብራሪያ ሲሆን፣ ታዋቂ ሰው በድንገት ሲሞት ከቀብሩ ቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያም ፖሊስ ተጠርጣሪ ይዞ ለፍርድ ማቅረቡ ብቻውን እንደማይበቃ፣ በሕዝብ ዘንድ የሚነገሩትን ጥርጣሬዎች አንድ በአንድ መርምሮ መልሱን ከነማስረጃው ለሕዝብ ማቅረብም የምርመራው አካል መሆን እንዳለበት ነው።

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አምቦ ሲሸኝ፣ ከመዲናዋ በስተምዕራብ በምትገኘው ቡራዩ እንዳያልፍ ተደርጎ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ቀብሩ ግን ሰኔ 25 ቀን አምቦ ላይ ተፈጸመ። ቀብሩ አዲስ አበባ ይሁን ወይስ አምቦ በሚል በቡራዩ መንገድ ላይ የተነሳው ክርክር ከሐዘን አልፎ የሞቱ ትርጉም የማን ነው ወደሚል ክርክር ተሸጋገረ። በተከተለው ሁከት በኦሮሚያ 123 ሰዎች መገደላቸውንና ቢያንስ 500 መቁሰላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ገልጿል።

በዚያው ሳምንት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። እርምጃው ቅስቀሳን ለመግታት ቢታሰብም ወሬ የሚጣራበትን መንገድም አብሮ ዘጋ፤ በጅማ መንገድ ላይ ላለችው ሰበታ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ላለችው ሱሉልታና ለቡራዩ፣ ኑሯቸውና ገበያቸው ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረ እንደመሆኑ፣ መንገደኛ ይዞት የመጣውን ቃል የሚያመዛዝኑበት ሌላ ምንጭ ጠበበ።

ሐምሌ 3 ቀን የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አዳነች አቤቤ ተጠርጣሪዎች መያዛቸውንና ግድያው ኦነግ ሸኔ በተባለው ታጣቂ ቡድን ትዕዛዝ መፈጸሙን አስታወቁ፤ ቡድኑ ግን አስተባበለ። በ2013 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በዋናው ተከሳሽ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ከአስከሬኑ መመለስ ጋር ተያይዞ በታሰሩት ፖለቲከኞች ላይ የተመሠረተው ክስ ግን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተቋረጠ። ስለዚህ ተኳሹ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የፍርድ መልስ ሲገኝ፣ ቡራዩ ላይ የተፈጸመው ነገር ግን በማስረጃ ሳይመዘን ቀረ።

የኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሞትም ያንኑ ያስተምራል። የታላቁ የህዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ፖሊስ ጳጉሜን 2 ቀን በሽጉጣቸው ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታወቀ። ይህ ድምዳሜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በመግለጫ ብቻ የተነገረ ድምዳሜ ግን አድማጩን እመነኝ ከማለት በቀር የሚያሳምነው ነገር የለውም።

የብሪታንያ ፖሊስ በልዕልት ዳያና ሞት ላይ ሌላ መንገድ ተከትሏል። በ1997 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ስለደረሰው የመኪና አደጋ የተነሱ 175 ያህል የሴራ ውንጀላዎችን በሎርድ ስቲቨንስ መሪነት መርምሮ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከ800 ገጽ በላይ ሪፖርት አወጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. የጁሪ አባላት ከሹፌሩና ካሳደዷት ተሽከርካሪዎች ከባድ ቸልተኝነት የመጣ ሞት ነው ብለው ሲበይኑ፣ ዋናው ከሳሽ መሐመድ አል ፋየድ ዘመቻቸውን ማቆማቸውን ተናገሩ። ውንጀላው ሁሉ አልጠፋም፤ ሆኖም ያልተመረመረ ነው የሚለው አቤቱታ መሠረቱን አጣ።

እንዲህ ያለው ሪፖርት የፍርድ ሂደትን ሊያዛባ ይችላል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከፍርድ በኋላ ማሳተም እንጂ ጨርሶ ዝም ማለት አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ንጋት በራሱ ይመጣል፣ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል። የሃጫሉና የስመኘው የምርመራ መዝገቦች የግለሰቦችን ደህንነት በማይጎዳ መልኩ ታትመው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለው ነዋሪ ሊያነባቸው ይገባል።